ሳሎን ውስጥ ፕሮጀክተር፦ ከሰዓት ኳስ፣ ማታ ፊልም (ባሕር ዳር)

ዓባይ ማዶ፦

ሰላም ቤተሰብ። ፕሮጀክተር ልገዛ ነው። ብር ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ።

ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። ሳሎኑ ከሰሜን ወደ ደቡብ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱም ነጭ። በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አለ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ትንሽ። መጋረጃው ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ኳስ፣ ማታ ማታ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ፊልም። 100 ኢንች ቢሆን ደስ ይለኛል፣ 120 ከተቻለ ደግሞ የበለጠ።

ሱቅ ሄጄ ሁለት አየሁ። አንዷ ትንሽዬ ናት፣ አዲስ ናት፣ ካርቶኗ ላይ «9000 ሉመን» ይላል። ሌላው ያገለገለ የቢሮ ኤፕሰን ነው። 3600 ሉመን ነው የሚለው፣ ዋጋው ግን የትንሿ እጥፍ። ሻጩ «9000 እያለልህ ለምን በእጥፍ ዋጋ 3600 ትገዛለህ?» አለኝ። ሱቁ ውስጥ መብራት አጥፍተው ስላሳዩኝ ሁለቱም ያምራሉ። ቤት ሲገቡስ?

ሽቦና መብራት፦

ወንድሜ፣ የካርቶኑን ቁጥር እርሳው። ሥራዬ የመብራት ዝርጋታ ነው፣ ፕሮጀክተርም እሰቅላለሁ። ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

ሉመን ከሌንሱ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። በደንብ ሲለካ አንሲ ሉመን ወይም በዓለም አቀፉ መስፈርት በአይኤስኦ 21118 የተለካ ሉመን ይባላል። ሙሉ ነጭ ምስል ይለቀቃል፣ ምስሉ ዘጠኝ እኩል ቦታ ይከፈላል፣ በየቦታው ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሉመን) ይለካል፣ አማካዩ በምስሉ ስፋት ይባዛል። አለቀ። የኤፕሰኑ 3600 በዚህ ዓይነት መንገድ የተገኘ ነው።

የትንሿ 9000 ግን ከየት እንደመጣ ማንም አይነግርህም። ብዙ ጊዜ የኤልኢዲ አምፑሉ ብርሃን ነው፣ ያውም ምስሉን በሚሠራው ፓነልና በሌንሱ ውስጥ ሳያልፍ። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ የተጻፈ ነው። እስቲ ጀርባዋን አንብብ። 60 ወይም 80 ዋት የሚል ከሆነ እዚያው ይገባሃል። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ዋቱ ሁሉ ለአምፑሉ ቢሄድ እንኳ ወደ 9000 የሚጠጋው ምንጩ ላይ ነው። ከዚያ ብርሃኑ በፖላራይዘር (የብርሃን ማጣሪያ ነው)፣ በኤልሲዲ ፓነልና በሌንስ ሲያልፍ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማሽኖች በአንሲ ሲለኩ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 300 ነው የሚያወጡት።

የቢሮው ማሽን ግን ሁለት ነገር ይቀንስበታል፣ እሱንም እወቅ። አንደኛ፣ የድሮ የቢሮ ፕሮጀክተር ፓነሉ ብዙ ጊዜ ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነው። ኳስ 16 ለ 9 ነው፣ ፊልም ደግሞ 16 ለ 9 ወይም ከዚያ የሰፋ። ስለዚህ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ሩብ ብርሃኑን ይወስድብሃል። 3600 የነበረው 2700 ሆነ። ሁለተኛ፣ አምፑሉ ያረጃል። የአምፑል ዕድሜ ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርድበት ጊዜ ነው እንጂ አምፑሉ የሚቃጠልበት አይደለም። ያገለገለ ከሆነ 2000 ብለህ አስብ። 2000 እውነተኛ ሉመን ግን ከ9000 የካርቶን ሉመን በብዙ ይበልጣል።

ፔዳ፦

ለምን 55 ኢንች ቲቪ ገዝተህ አታርፍም? ቀን በደንብ ይታያል፣ አምፑል የለ፣ መጋረጃ የለ።

ሽቦና መብራት፦

ፔዳ፣ ለከሰዓት ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ቲቪ ጥቁሩን ራሱ ይሠራል፣ የመስታወቱ ፊት ጥቁር ነው። ፕሮጀክተር ግን ጥቁር ብርሃን የሚባል ነገር መልቀቅ አይችልም። ስክሪኑ ላይ ጥቁር የምታየው ግድግዳው ያለ ፕሮጀክተሩ ምን ያህል እንደሚጨልም ነው። ግድግዳህ ነጭ ሆኖ ፀሐይ ካለበት፣ የተዋናዩ ጥቁር ካፖርት ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆነው። ሰውየው ግን 100 ኢንች ይፈልጋል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዲያይ። ይህን 55 አይተካውም።

መምህር በጡረታ፦

ሰላም ልጆች። ነገሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ታገሡኝ።

100 ኢንች 16 ለ 9 ምስል ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ነው። ስፋቱ 2.76 ካሬ ሜትር። 2000 ሉመን በዚህ ላይ ሲበተን 725 ሉክስ ይሆናል። ትንሿ ማሽን እውነቷን 200 ሉመን ብትሰጥ 72 ሉክስ ናት።

አሁን ክፍሉን እንመልከት። ከሰዓት ስስ መጋረጃ ብቻ ባለበት ሳሎን ግድግዳው ላይ 300 ሉክስ አርፏል እንበል። ነጩ 725 ሲደመር 300 ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ያው 300። ሲካፈል 3.4 ለ 1። ይህ ምስል አይባልም፣ የታጠበ ነገር ነው። ትንሿ በዚሁ ክፍል 1.24 ለ 1 ትሰጣለች፤ ይህ ማለት ሥዕሉ መኖሩ ራሱ ያጠራጥራል።

ወፍራም መጋረጃ ተደርጎ 30 ሉክስ ቢቀር፣ ትልቁ 25 ለ 1 ይሆናል። ትንሿ 3.4 ለ 1። ማታ መብራት ጠፍቶ 3 ሉክስ ቢቀር ትልቁ ከ240 ለ 1 በላይ፣ ትንሿ 25 ለ 1።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ትንሿ በ3 ሉክስ የምትሰጠው ምስልና ትልቁ በ30 ሉክስ የሚሰጠው በጥራት አንድ ናቸው። ክፍሉን በአሥር እጥፍ ማጨለም አሥር እጥፍ ብርቱ ማሽን ከመግዛት እኩል ነው። መጋረጃ ደግሞ ከማሽን ይረክሳል። ሰው ግን ሁልጊዜ ገንዘቡን ማሽኑ ላይ ያፈሳል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንፎኮም (የድምፅና የምስል መሣሪያ ባለሙያዎች ማኅበር) መስፈርት ለፊልምና ለተንቀሳቃሽ ምስል 80 ለ 1 ይጠይቃል። ስላይድ ለማንበብ 15 ለ 1፣ እንዲያው ለማየት ያህል 7 ለ 1። ኳስ ሜዳው ብሩህ ስለሆነ ከ15 እስከ 25 ቢሆንም ይታያል። ጨለማ ትዕይንት የበዛበት ፊልም ግን በዚህ መጠን ፊት አይለይበትም። እንግዲህ ለአንተ ከሰዓቱ 25፣ ማታው ከ80 በላይ ከሆነ በቂህ ነው ልጄ።

120 ኢንች ስትል ስፋቱ 3.97 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያው 2000 ሉመን ወደ 504 ሉክስ ይወርዳል። ማታ ምንም አይደለም። ከሰዓት በ30 ሉክስ ግን ከ18 ለ 1 በታች ነው። ኳስ በ100፣ ፊልም በ120 አድርገህ በዙም ብታቀያይር ያስኬዳል።

ዓባይ ማዶ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ግን 30 ሉክስ እንዴት ነው የሚደረሰው? ምዕራቡ መስኮት ከሰዓት እንደ እሳት ነው የሚሆነው። የእንግሊዙ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ 8:30 ወይም 9:30 ነው የሚጀምረው፣ ልክ ፀሐይዋ ወደዚያ ስትዞር።

የልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ ይህን እኔ ልንገርህ። የኔም ቤት ምዕራብ ዞሮ ነው የተሠራው።

ስሱን መጋረጃ አትጣለው፣ ከጀርባው ሌላ ጨምርበት። ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ገዝተህ ለልብስ ሰፊ ስጥ፣ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን አንድ ክንድ ያህል ይለፍ። ታች መሬት ይንካ። ሰው የሚረሳው ላዩን ነው። በመጋረጃው ዘንግና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተት ብርሃኑን ቀጥታ ወደ ነጩ ኮርኒስ ይልከዋል፣ ኮርኒሱ ደግሞ ሳሎኑን በሙሉ ያበራዋል። እኔ ላዩን በጣውላ ሸፈንኩት፣ ለውጡ የሚያስገርም ነው። የበሩን ሥር ብርሃንም አትናቀው።

ሌላው ግድግዳው ነው። ክፍሉ ጨልሞ እንኳ ምስሉ ራሱ ነጩን ግድግዳና ኮርኒስ አብርቶ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ብሩህ ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ሙሉ ሳሎን ጥቁር መቀባት አያስፈልግም፣ እንግዳ የሚገባበት ቤት ነው። ለስክሪኑ ቅርብ የሆነውን አንድ ሜትር ያህል ግድግዳና ኮርኒስ ብቻ የማያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ቀለም ብታደርገው ይበቃል። ቡና ዓይነት ወይም ጥቁር ሰማያዊ ያምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት መስኮት ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ ያንን የሚያክል አምፑል አብርቶ መቀመጥ ለልጆች ከባድ ነው። ቬንትሌተር አስብ።

ሽቦና መብራት፦

እህቴ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ስክሪኑ ቦታ ልጨምር። ምስሉን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ እንዳታደርገው። የምዕራቡ መስኮት ፊት ለፊቱ ነው፣ በመጋረጃው ያመለጠ ብርሃን ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰሜኑን ግድግዳ ምረጥ። ትንሿን መስኮት በጣውላ ዝጋት፣ ስክሪኑን ላይዋ ስቀል። የምዕራቡ ብርሃን ያኔ በጎን ነው የሚመጣው፣ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኛትም የሚል ይኖራል። እኛ ጋ ይህ አይሠራም። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ብቻ ነው ያለችው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ መዝጋቱ ይሻላል።

ርቀቱም ይበቃሃል። የቢሮ ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ የምስሉን ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። ለ100 ኢንች 3.3 ሜትር፣ ለ120 ደግሞ 4 ሜትር። ሳሎንህ 5 ነው። ሰው «ባራቅኩት ቁጥር ይደበዝዛል» ይላል፣ የሚያደበዝዘው ግን የምስሉ መተለቅ ነው። ዙሙን ሰፊው ጫፍ ላይ አድርገህ ማሽኑን ብታቀርበው ሌንሱ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋል። ኪስቶን በሚባለው ማስተካከያ ምስል አታቅና፣ ፒክስልም ብርሃንም ይበላል። ማሽኑን ራሱን አቅና።

ሞዱንም እይ። ዳይናሚክ የሚባለው በጣም ያበራል፣ ግን ሣሩን አረንጓዴ፣ ፊትንም አረንጓዴ ያደርጋል። ለከሰዓት ኳስ ተጠቀምበት። ማታ ሲኒማ ሞድ አድርግ። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ግን ሰው ሰው ይሸታል።

ፔዳ፦

ስክሪን ሳልገዛ አንሶላ ብወጥርስ? ግቢ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናየው።

ሽቦና መብራት፦

አንሶላ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ይጨማደዳል። ለስላሳ ግድግዳ ካለ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ከአንሶላ በብዙ ይሻላል። ዘይት ቀለም እንዳይሆን፣ መሐሉ ላይ አምፑሉ ይንጸባረቃል። የክፍል ብርሃን የሚቋቋም ልዩ ስክሪንም አለ፣ ከላይ ወይም ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመልስ። በትክክል ይሠራል። ዋጋው ግን አንዳንዴ ከፕሮጀክተሩ ይበልጣል። መጋረጃ እያለ ለሱ መክፈል አይታየኝም።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ ደግሞ የውጭውን ልንገራችሁ። ጣና ዳር አነስተኛ መዝናኛ አለኝ፣ ኳስ በፕሮጀክተር እናሳያለን።

ውጭ ቀን ላይ መሞከር ራሱ አያስፈልግም። ጥላ ሥር እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ነው ያለው፣ የትኛውም የቤት ማሽን አይችለውም። ጥሩው ነገር እኛ አገር ቶሎ ይጨልማል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ ምስሉ ፍጹም ይለወጣል። ጨረቃ ሙሉ ብትሆን እንኳ ብርሃኗ ከ1 ሉክስ በታች ስለሆነ አትረብሽም። የሚረብሸው የጎረቤት አምፑልና የመንገድ መብራት ነው።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ሰዓት ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሰኔ ላይ ግን ወደ 12:55 ትሄዳለች። የእንግሊዝ ሊግ ዋናው የቅዳሜ ጨዋታ በእነሱ አገር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ይውላል፣ አብዛኛው ጨዋታ በብርሃን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 12 ሰዓት ይሆንልናል። ያኔ የመጀመሪያው አጋማሽ ሳይገባደድ ይጨልማል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ እንደ ሲኒማ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ መልሰው ይቀይሩታል፣ እኛም ወደ ውስጥ እንገባለን። የሻምፒዮንስ ሊግ አብዛኛው ጨዋታ ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ስለሆነ ለውጭ ምርጡ እሱ ነው።

ሐይቅ ዳር ለምትኖሩ ሁለት ነገር። ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ስክሪኑን ሸራ ነው የሚያደርገው፣ በአራቱም በኩል በፍሬም ወጥሩት። ትንኞቹ ደግሞ ወደ ነጩ ምስል ይተማሉ። ከተመልካቹ ኋላ ራቅ አድርጌ ሌላ መብራት አበራለሁ፣ ወደ ስክሪኑ ሳይዞር፣ ብዙዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። ማሽኑ ውስጥም ይገባሉና የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አጽዱ። የታፈነ ማጣሪያ ማሽኑን ያግላል፣ ሲግል አምፑሉን ራሱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል።

ሽቦና መብራት፦

እህቴ ስለ ሙቀት ስላነሳሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የማያውቀው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲትዩድ ሞድ» የሚባለውን ክፈቱ ይላሉ። ሜኑ ውስጥ አለ። ሲከፈት ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሰው በጩኸቱ መልሶ ይዘጋዋል። አትዝጉት። አምፑሉም ፓነሉም የሚጎዳው በሙቀት ነው።

መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። የአምፑል ማሽን በደንብ ግሎ ሳለ ድንገት ከጠፋ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል። ዋቱን የሚችል የኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አድርጉበት። ፊልሙን እንዲያስጨርስ አይደለም፣ በወጉ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ነው። መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብሩት። የኤልኢዲና የሌዘር ማሽን በዚህ በኩል ይሻላል፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ እስከ 20000 ሰዓት ነው። ትክክለኛ አንሲ ሉመን ያለው ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ።

ዓባይ ማዶ፦

ነገ ሱቅ ተመልሼ ልሄድ ነው። ሻጩን ምን ልጠይቀው?

መምህር በጡረታ፦

አትጠይቀው፣ ለካ። ስልክህ ላይ የሉክስ መለኪያ አፕ በነፃ ጫን። ነጭ ምስል ያስለቅቁልህ። የቢሮውን 1.5 ሜትር ወርድ በ1.125 ቁመት አድርገህ ስፋቱን 1.69 ካሬ ሜትር ያዝ። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙር፣ በዘጠኝ ቦታ ለካ፣ አማካዩን አውጣ። ማሽኑ ሲጠፋ ያለውን ሉክስ ቀንስና በ1.69 አባዛ። ስልክ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይደለም፣ ግን ሁለቱን በአንድ ስልክ ከለካህ ልዩነቱ አይጠፋህም።

ሽቦና መብራት፦

ሜኑ ላይ ያለውን የአምፑል ሰዓት ብቻ አትመን፣ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል። የመምህር መለኪያ አይዋሽም። ነጩ ምስል ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቦታ ቦታ ካየህ ፓነሉ ወይም ፖላራይዘሩ ተጎድቷል፣ ተወው። ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል አስለቅቅ፣ ብዥ ያለ ነጥብ ካለ አቧራ ገብቷል። ደግሞ የሱቁን መብራት አስበራው።

ዓባይ ማዶ፦

ሄጄ ለካሁ። የቢሮው አማካይ 1150 ሉክስ መጣ፣ በ1.69 ሲባዛ 1940 ሉመን ገደማ። ትንሿን 1.6 ሜትር በ0.9 አድርጌ ለካኋት፣ 130 ሉክስ፣ ይህ 187 ሉመን ነው። መብራቱ ሲበራ የትንሿ ምስል ከግድግዳው ጠፋ። ሻጩ ራሱ ቀርቦ አየ። ቢጫ ቦታ የለውም፣ አቧራም አላየሁም።

ሽቦና መብራት፦

1940 ላይ ሩቡን ለ16 ለ 9 ቀንስ፣ 1450 ይቀርሃል። መምህር ያሰቡት በ2000 ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በ30 ሉክስ 18 ለ 1 ነው የምታገኘው፣ ለኳስ ይሆናል። ማታ 100 ኢንች ምንም ችግር የለውም። አምፑሉ ግን ብዙ ሠርቷል። የአዲስ አምፑል ዋጋ ጠይቅና ከሚጠራልህ ዋጋ ላይ ያንን አስቀንስ። አምፑሉ ሲቀየር ወደ 2700 ትመለሳለህ። እስከዚያ መጋረጃውን አሰፋ።

የልጆች እናት፦

ላዩን ክፍተት እንዳትረሳ።

ዓባይ ማዶ፦

የአምፑሉን ዋጋ ተቀነሰልኝ፣ ይዤው ገባሁ። ጨርቁን ለልብስ ሰፊ ሰጥቻለሁ። ሃይ አልቲትዩዱን ከፍቼዋለሁ፣ እውነትም ይጮኻል። ቅዳሜ 9:30 ላይ ግድግዳው ላይ ስንት ሉክስ እንደቀረ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።